ሬፈሪ ቁጥር ሁለት

እትዬ ሲኒቫ የሆስፒታሉን ኃላፊ በጥብስ አሳማ ገዝተው የወንድማቸውን ልጅ ነርስ አስቀጠሩ ይባላል። ወሬው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተነስቶ ወይን ማሸጊያው እስኪደርስ አሳማው ሁለት ሆኗል፤ ወንዙን ተሻግሮ ሲመለስ ደግሞ ሦስት አሳማና አንድ ምንጣፍ። የልጅቷ እናት እኔ ስለሆንኩ ላርመው። አሳማው አንድ ነው። የሄደውም ለሆስፒታሉ ሳይሆን ለራግቢ ዳኛ ነው። ደግሞ የሄደው ሥራው ከተገኘ በኋላ ነው፤ በኋላ የሚሄድ አሳማ ምስጋና እንጂ ጉቦ አይባልም። ስለ እትዬ ሲኒቫ የሚወራው ሌላው ሁሉ ግን እውነት ነው።

ቶንጋዊ በሰፈረበት ምድር ሁሉ፣ ከደሴቶቻችን ዋና ከተማ ከኑኩአሎፋ እስከዚች ባሕር ማዶ፣ መሪ በሚባል ወንዝ ዳር እስካለችው የወይን ከተማችን ድረስ፣ የሰው ቅጽ የምትሞላ አንዲት አክስት አትጠፋም። የመንጃ ፈቃድ ይሁን የቪዛ፣ የትምህርት ቤት ይሁን የጡረታ፣ ባዶ መስመር ያለበት ወረቀት ካየች እጇን ይበላታል። እንግሊዝኛዋ ከኛ አይሻልም። ድፍረቷ ግን መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

የኛዋ ክብርት እትዬ ሲኒቫ ናቸው፤ የባሌ ታላቅ እህት። እኛ ዘንድ የባል እህት መሆን ዝምድና ሳይሆን ሹመት ነው። በወንድሟ ልጆች ላይ ከአባትም ከእናትም በላይ ታዛለች፤ ለቅሶ ቤት እሷ ሳትቀመጥ ማንም አይቀመጥም። ወንድም ደግሞ እህቱን ፊት ለፊት አይቃወምም፣ እሷ ባለችበትም አያፌዝም። ስለዚህ ባሌ ሴሚሲ፣ እህቱ የማይዋጥ ነገር በተናገሩ ቁጥር፣ ታሮ የምንለውን ጎደሬያችንን ሊያጠጣ ወደ ጓሮ ይወጣል። የታሯችንን ቅጠል ስፋት ያየ ሁሉ ምን ማዳበሪያ እንደምንጠቀም ይጠይቀናል። እትዬ ሲኒቫን ነው።

እትዬ ሲኒቫ ቅጽ ሲሞሉ አይዋሹም። ችግሩም እሱ ነው። የመዘምራኑ አለቃ ልጅ ብርቱካን መጭመቂያው ዘንድ ሥራ ሲጠይቅ፣ "ሃያ ኪሎ ማንሳት ትችላለህ?" ለሚለው "አሳማ ተሸክሞ አጥር ዘሏል፤ አሳማው በሕይወት ነበር" ብለው ጻፉለት። "በወንጀል ተከሰህ ታውቃለህ?" ለሚለው ደግሞ፣ "ገና ነው።" ልጁ ተቀጠረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። የመጭመቂያው አለቃ ግን በየዓመቱ መጨረሻ ትከሻውን መታ አድርጎ "አሁንም ገና ነው?" ይለዋል አሉ።

ድሮ ሁሉ ነገር በወረቀት ሳለ ንግግራቸው "ዝም ብለሽ ፈርሚ" ነበር። ዘመኑ ኮምፒውተር ሲያመጣ እሳቸውም አብረው ዘመኑ፤ "ዝም ብለሽ ተጫኚ" ሆነ።

ራሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአረጋውያን መጦሪያው ወለል ሲወለውሉ የኖሩ ናቸው። ያንን ሥራ ያገኙት ያለ ቅጽ ነው፤ አንዲት የማኅበር ጓደኛቸው "ሰኞ ነይ" አለቻቸው፣ ሰኞ ሄዱ፣ አለቀ። የከተማውን ሰው ስም ሁሉ በትላልቅ ፊደል የጻፈ እጅ፣ የራሱን ስም ከመስመር ላይ ሲያሰፍር ያየ የለም።

ወደ ልጄ ልምጣ። ላታይ ነርስነት ተምራ ስትጨርስ ከኔም ከባሌም ወገን የመጀመሪያዋ ነበረች። የሙያ ፈቃዷ ቁጥር በመጣ ቀን እትዬ ሲኒቫ ወረቀቱን አባዝተው በቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት፤ ከቀብር ማስታወቂያው በላይ። ሟቹ ምን ተሰምቶት እንደሆነ እንጃ።

ነርስ መሆንና የነርስ ሥራ ማግኘት ግን ለየቅል ነው። ሆስፒታላችን በዓመት አንዴ ስድስት አዲስ ተመራቂዎች ይወስዳል፤ ዓመቱን ከነባሮቹ ጎን እየሠሩ ይበስላሉ። በዚያ በር ያልገባ ሌላ ዓመት ይጠብቃል፤ በሌላው ዓመት ደግሞ ትኩስ ተመራቂ ይመጣና እሱ የከረመ ይባላል። ለስድስቱ ቦታ መቶ ሃያ ሰው አመልክቷል ሲባል ሰማን። ልጄ ፈቃዷን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ከኔ ጎን ቆማ ወይን ታሽግ ነበር።

"ነርሷ! እስኪ ይቺን ዘለላ እያት፣ ትተነፍሳለች?" ይሏታል ሴቶቹ።

እሷ ትስቃለች። እኔ አልስቅም። የኔ እጅ ወይን ለምዶ ቀርቷል፤ በዚያው የእሷም እጅ እንዲለምድ አልፈለግሁም።

ማመልከቻው "ስለ ራስሽ ንገሪን" ይላል። እኛ ደግሞ ስለ ራሱ የሚናገር ልጅ አናሳድግም። አሳማ ጠብሰን፣ ያም የተባለውን ሥራ ሥር ቀቅለን፣ ጠረጴዛው ከምግቡ ክብደት እየተንቋቋ "ምንም የለም፣ ይቅር በሉን" የምንል ሕዝብ ነን። ላታይ ሦስት ቀን አምጣ የጻፈችውን ደብዳቤ እትዬ ሲኒቫ መነጽራቸውን ሰክተው ጮክ ብለው አነበቡት።

"'ውድ ጊዜያችሁን ስለወሰድኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በልምምዴ ወቅት እኔ ብዙም አልሠራሁም፤ ነርሶቹ ግን በጣም ጎበዞች ነበሩ።'" ቀና አሉ። "ይሄ ማመልከቻ ነው ወይስ ንስሐ?"

"ታዲያ አክስቴ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ልጻፍ?"

"እንዳትሞክሪው! ማነው ያሳደገሽ?"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"የሚናገርልሽ ሰው ፈልጊያ! ባላባት መች በገዛ አፉ ይናገራል? ተናጋሪ ያቆማል እንጂ።"

ቅጹም ይህንኑ ይፈልግ ነበር፤ ሁለት ተናጋሪ። ስማቸውን ግን "ሬፈሪ" ይለዋል። በእንግሊዝኛ ስለ አመልካች ጠባይና ሥራ የሚመሰክር ሰው ሬፈሪ ነው። ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋውም ሬፈሪ ነው። እኛ ሰፈር በሚገባ የምናውቀው ሁለተኛውን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰድበዋለን፣ እሑድ አብረነው እንዘምራለን።

ላታይ ለቁጥር አንድ የልምምድ አስተማሪዋን ጻፈች። ቁጥር ሁለትን ባዶ ተወችው። "ሌላ ሰው ከማስቸግር" አለች። ሰው ማስቸገር የምትፈራ ልጅ ሰው የሚያስቸግር ሥራ ለምን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም።

ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እትዬ ሲኒቫ ከቀትር ጀምረው በከተማው ቤተ መጻሕፍት አንዱን ኮምፒውተር እንደ ርስት ይዘው ጠበቁን። እኔና ላታይ ከማሸጊያው በሩጫ ስንደርስ አሥር ሰዓት አልፏል፤ የልጄ ጣቶች በወይን ጭማቂ ተጣብቀዋል። የይለፍ ቃሏን አስገባችና እጇን ልትታጠብ ሄደች። ስትመለስ እትዬ ሲኒቫ መነጽራቸውን እያወለቁ ነበር።

"አለቀ። ዝም ብለሽ ተጫኚ።"

"ልየው እንጂ አክስቴ።"

"ሰዓቱን እይው! ተጫኚ ስልሽ!"

ተጫነች።

ማታ እትዬ ሲኒቫም ባሉበት እራት ላይ ሆስፒታሉ የቅጹን ግልባጭ በኢሜይል ላከላት። ላታይ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦ "ሬፈሪ ቁጥር ሁለት፦ ፓውሊያሲ ቫካ። ሥራ፦ ሬፈሪ። አመልካቿን እንዴት ያውቋታል፦ ሦስት ጊዜ ፊሽካ ነፍቶባታል።"

"አክስቴ! ምን አደረጉኝ?"

"ምን አደረግሁሽ? ስልክ ቁጥሩን ተሳሳትኩ እንዴ?"

"የራግቢ ዳኛ አይደለም እኮ የጠየቁት!"

"ሬፈሪ አላሉም?"

"ብለዋል፤ ግን እንዲያ ማለት አይደለም! የሚያውቀኝ፣ ስሠራ ያየኝ፣ የሚመሰክርልኝ ሰው ማለት ነው።"

"እና ፓውሊያሲ ዓይን የለውም?"

ላታይ ማልቀስ ጀመረች። ሴሚሲ ተነስቶ ታሮውን ሊያጠጣ ወጣ። እኔ ደግሞ የታጠበ ድስት ድጋሚ አጠብኩ።

ያም ሆኖ ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። እትዬ ሲኒቫ ከኮቷ በላይ የወገብ ምንጣፍ፣ የተሸመነ የክብር መቀነት፣ አስታጠቋት፤ እኛ ዘንድ ሰው ፊት ሳይታጠቁ መቆም ነውር ነውና። ኮሪደሩ ላይ ሁለታችን ተቀምጠን ጠበቅናት። እሳቸው በየደቂቃው ብድግ እያሉ "ገብቼ ልናገርላት?" ይላሉ፤ እኔ የቀሚሳቸውን ጫፍ ይዣለሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ እትዬ ሲኒቫን የከለከልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በቀሚስ።

ላታይ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን ጠየቁሽ?"

"አስቸጋሪ ሁኔታ ገጥሞሽ ምን አደረግሽ አሉኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ኳስ ላይ ተቀመጥኩ አልኩ።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያ... ይቅርታ ጠየቅኳቸው።"

"የሃኒቴሊንስ ነገር?" አልኳት።

"እማዬ፣ እንዴት ብዬ? እኔ ነኝ ያዳንኩት ልበል?" አለችና ምንጣፉን ከወገቧ ፈታች። "አለቀ። ነገ ማሸጊያው እንገናኛለን።"

እዚህ ላይ ሃኒቴሊ ማነው ትሉኛላችሁ። እኔ ከምነግራችሁ ሬፈሪው ይንገራችሁ፤ ለሆስፒታሉም የነገረው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ፓውሊያሲ ወይን ሊጭን መኪናውን ማሸጊያው በር ላይ አቁሟል። ሰውዬው በሳምንቱ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ቅዳሜ ዳኛ ነው። በፊሽካ ብዛት አንድ ጆሮው ስለደከመ ስልክ የሚያናግረው የስልኩን ድምፅ ለሰው ሁሉ ለቆ ነው፤ የሚስቱን ጭቅጭቅ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ስልኩ ጮኸ። የወይን ካርቶን ላይ አስቀመጠውና ከፈተው።

"አቶ ፓውሊያሲ? ግሌኒስ እባላለሁ፤ ከሆስፒታሉ ነው የምደውለው።"

ፓውሊያሲ ከተቀመጠበት ተነሳ። "ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም! ስለ ላታይ ነበር። ሬፈሪዋ እርስዎ ነዎት?"

"የሁሉም ሬፈሪ ነኝ። አላዳላም።"

ሠላሳ ሴት ማኘክ አቆመ። ላታይ በእጇ የያዘችውን ያም እንደያዘች ከካርቶኖቹ ኋላ ቁጢጥ አለች።

"ስትሠራ አይተዋታል?"

"በነዚህ ዓይኖቼ።"

"ጥሩ። ድክመት አላት?"

ፓውሊያሲ ዳኛ ነው፤ አሰበበት። "አላት" አለ። "አትታዘዝም።"

ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ያን ጊዜ እትዬ ሲኒቫን በልቤ ምን እንዳልኳቸው እዚህ አልጽፈውም፤ በሕይወት ያሉ ሰው ናቸው።

"እንዴት ማለት?" አለች ግሌኒስ።

"ጨዋታ መሃል ሜዳ ገባች። ውጪ ብዬ ነፋሁ፤ አልወጣችም። ደግሜ ነፋሁ፤ አልወጣችም። ሦስተኛ ስነፋ ኳሱን ወስዳ መሃል ሜዳ ላይ አስቀመጠችና ቁጭ አለችበት። እስኪ አንቺ ፍረጂ፤ ኳስ ላይ የተቀመጠች ሴት በየትኛው ሕግ ነው የምትወጣው? መጽሐፉን አገላብጫለሁ፤ የለም።"

"ለምን ተቀመጠች?"

"ሃኒቴሊ የሚባል ጎረምሳ አለን። በር አይበቃውም። ጭንቅላቱን ተመታና ወደቀ፤ ወዲያው እየሳቀ ተነሳ። ቀኑን ጠየቅነው፣ ተናገረ። ውጤቱን ጠየቅነው፣ ተናገረ። አሰልጣኙ ይጫወት አለ፤ አባቱ ይጫወት አለ፤ ሰባኪያችን ሳይቀሩ ይጫወት አሉ። እኔም ደህና ነው ብዬ ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ይቺ ውሃ የምታቀርብ ልጅ ግን 'አንደኛው ዓይኑን እዩት፣ ብሌኑ ከሌላው ሰፍቷል' አለች። ማን ይስማት? 'እኔ ከወጣሁ ትቀጥላላችሁ፤ አልወጣም፤ አምቡላንስ ጥሩ' አለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ሕዝቡ ጮኸባት፤ የብርቱካን ልጣጭ ወረወረባት። እሷ ሃኒቴሊን ከጎኗ አስቀምጣ፣ እጁን ይዛ፣ በየጊዜው ዓይኑን እያየች፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ከኳሷ ላይ ንቅንቅ አላለችም።"

"ከዚያስ?" የግሌኒስ ድምፅ ወደ ስልኩ የቀረበ መሰለኝ።

"በአውሮፕላን ሜልቦርን ወሰዱት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ሐኪሙ 'ቀጥሎ ተጫውቶ ቢሆን ኖሮ' ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እኛም ጨርስ አላልነውም። አሁን ይኸውልሽ ካርቶን እየቆጠረልኝ ነው። ሃኒቴሊ! ና ሴትየዋን ሰላም በል!"

"ሰላም" አለ ሃኒቴሊ ለስልኩ፣ ቆቡን አውልቆ።

"ሰላም ሃኒቴሊ" አለች ግሌኒስ። "ቃለ መጠይቁ ላይ ኳስ ላይ ተቀመጥኩ ስትለን፣ ሦስታችንም ምን ማለቷ እንደሆነ ግራ ገብቶን ነበር።"

"እሷማ አትነግርሽም። አሳዳጊ አልበደላትም" አለ ፓውሊያሲ። "ስሚኝ እመቤቴ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ፊሽካ ነፍቻለሁ። ያን ቀን ታዛኝ ቢሆን ኖሮ ፊሽካዬን ወንዝ ወርውሬው ነበር።"

ስልኩ ሲዘጋ ማሸጊያው በጩኸት ተናወጠ። አንዷ ላታይን ከካርቶኑ ኋላ ጎትታ አወጣቻት፤ ፊቷ እንደ ቀይ ወይን ሆኗል፣ ያሙ አሁንም በእጇ ነው። የዚያን ቀን ልጣጭ ከወረወሩት አራቱ እዚያው ነበሩ። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም፤ እኔም ስማቸውን አልጠራም። ሲያነቡት ራሳቸውን ያውቃሉ።

በሁለተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። ከስድስቱ አንዷ ልጄ ናት። እሑድ እትዬ ሲኒቫ በቤተ ክርስቲያን ተነሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በሥርዓታችን እንዲህ አሉ፦ "ይቺ ምንም የማታውቅ ልጃችን ትንሽዬ ሥራ ተሰጥቷታል። ይቅር በሉን።" ይህን ሲሉ ቁመታቸው እስከ ጣሪያው ደርሶ ነበር። ሕዝቡ እያለቀሰ ሳቀ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ዛሬም የልጄ ፈቃድ አለ፤ የቀብር ማስታወቂያው ከተነሳ ቆይቷል።

አንድ ጥያቄ ግን አላስተኛ አለኝና እየፈራሁ ጠየቅኳቸው።

"እትዬ፣ እውነት ሆስፒታሉ የሚፈልገው የራግቢ ዳኛ መስሎዎት ነው የጻፉት?"

በመነጽራቸው አናት አዩኝ። "ሬፈሪ ማለት በቦታው ቆሞ ያየ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ሌላ ከሆነ እነሱ ያርሙት።"

እስከ ዛሬ አለማወቅ ይሁን ማወቅ አልገባኝም።

ላታይ ሥራ የጀመረች ሰኞ ማለዳ፣ አዲሱን ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ በሆስፒታሉ በር ስትገባ፣ እትዬ ሲኒቫ ከመንገዱ ማዶ ከአንድ ባሕር ዛፍ ኋላ ቆመው ነበር። ከመጦሪያው ሥራ አቋርጠው እንደመጡ ሽርጣቸው ይናገራል። አልጠሯትም፤ እጃቸውንም አላውለበለቡም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ስሰማ የሙያ ፈቃዷን ቁጥር በቃላቸው እየደገሙ ነው። ይህን እንዴት አየሽ ብትሉኝ፣ እኔም ከሚቀጥለው ዛፍ ኋላ ነበርኩ። ሰላም አልተባባልንም። ያን ቀን ግን የሃያ ዓመት ቂሜን እዚያው ዛፍ ሥር ትቼው ተመለስኩ፤ የፈለገ ያንሳው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አሳማውን ይዘን ፓውሊያሲ ቤት ሄድን። ወሬኛ ያየው አሳማ ይኸው ነው፤ መንገዱ በሆስፒታሉ በር ስለሚያልፍ። ግቢው በሰው ሞላ። ሃኒቴሊ ለሦስት ሰው በላ። ፓውሊያሲ "አትታዘዝም" ያለበትን ቦታ አምስት ጊዜ አስደገሙት፤ በየጊዜው አዲስ ይመስል ሳቅን። የሰባኪው ሚስት ለላታይ አንድ ቁራጭ ስታነሳ፣ ዋስ የሚሆናት ሰው ማግኘቷ የእግዜር ሥራ ነው፣ ያለ ምስክር ማን በር ይከፈትለታል አለች። ሁሉም አሜን አለ።

እትዬ ሲኒቫ የአሳማ ስቡን ከጣታቸው እየጠረጉ፣ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው፣ እንደ ቀልድ አንድ ነገር ጣል አደረጉ። ላታይ ማኘኳን አቆመች። ባሌ ሴሚሲ ብድግ ብሎ ታሮውን ሊያጠጣ ወጣ፤ ታሮው የኛ እንኳ አልነበረም። እሳቸው ያሉት ይህን ነው፦

"ለመሆኑ የኔን ቅጽ የሚሞላ ቢገኝ፣ ሬፈሪ ብሎ ማንን ይጽፍ ነበር?"